ሽቅብ የሚሠራ፣ ቁልቁል የሚጠፋ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ለኢተያ ደንበኛዬ ሁለት የብረት በር አድርሼ ባዶዬን ወደ አዳማ ስመለስ የመኪናው ሞተር ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። አንደኛው ዴራ ልገባ ስል ነው። ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን ሳልረግጥ ወርጄ፣ ፍጥነት መቀነሻው ጋ ማርሽ ልቀንስ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ጭጭ አለ። የዘይትና የባትሪ መብራቶቹ ብቻ በርተው አፈጠጡብኝ። ሁለተኛው ወደ መልካሳ ድልድይ ስወርድ፣ ሦስተኛው አዳማ መግቢያ ላይ፣ ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እያንባረቀ። ሦስቱንም ጊዜ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ማስነሻው) አንድ ዙር ሳይሞላ ተነሣ። ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ልስልስ ብሎ።

ሽቅብ ስወጣ ግን፣ በሮቹን ተሸክሞ፣ አንዴም አላስነጠሰም።

ስለ መኪናው ትንሽ ልበል። ቶዮታ ሃይሉክስ፣ እ.ኤ.አ. የ1986 ሥሪት፣ ሞተሩ 22አር የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደርና 2,366 ሲሲ ቤንዚን፣ ባለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)። ኮምፒውተር ብሎ ነገር የለውም። የአባቴ ነበር። እኔ በያጅ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ብረትና ኤሌክትሪክ ስለማውቅ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው እጅ ላይ አልጥለውም ብዬ ወስኛለሁ። ለዚህም ነው ማስታወሻ የጀመርኩት። የሆነውን በሆነበት ቀን ካልጻፍኩት በሳምንቱ የማስታውሰው የተመኘሁትን ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮፈኑን ከፍቼ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እስካሁን የተደረገለት ይህ ነው፦ ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ገብቶ ቤንዚን ፓምፑ፣ እሳት የሚሰጡት አራቱ ካንዴላዎችና ገመዶቻቸው ተቀየሩ። ሚኒሞውንም፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር፣ ከፍ አደረጉልኝ። ሁለት ሳምንት ያህል የተሻለው መሰለኝ፤ ከዚያ ተመልሶ ያው። ሲጠፋ ያየ ሰው ሳይኖር ዕቃ ተቀየረ። እኔም ከፍዬ ወጣሁ፤ ጥፋቱ በግማሽ የኔ ነው፣ «ይጠፋል» ብቻ ነበር ያልኳቸው።

ዛሬ የሠራሁት ቀላል ቀላሉን ነው። ቤንዚን ፊልትሮውን ፈትቼ ነፋሁት፤ አሳለፈ። የአየር ፊልትሮው ውስጥ ግማሽ ሲኒ የሚሞላ አመድ መሳይ አቧራ አራገፍኩ። አዳማ ነፋሱ ያለ ምክንያት አይደለም ኮረብታው ላይ ተርባይን የተተከለለት፤ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ በየትኛውም ስንጥቅ ይገባል። ካንዴላዎቹን አወጣሁ። ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ነው። ቀለማቸው ቡናማ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩን አሙቄ ለካሁ፦ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አንዱ መውጫ ትንሽ ጠብቆ ነበር፣ አስተካከልኩት። ለዚህ ችግር መልስ ይሆናል ብዬ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ገብቶኛል። የቤንዚን እጥረት ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ብዙ ሲጠጣ ነበር የሚያስቸግረው። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሞቆ ቢሆን ደግሞ እስኪበርድ ድረስ ባልተነሣ። የኔው ሽቅብ ጤነኛ ነው፤ ጠፍቶም ወዲያው ይነሣል። ስለዚህ ፓምፑም ካንዴላውም በከንቱ ነው የተቀየሩት ማለት ነው። ገንዘቡን ማሰብ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ቀጥሎ የጠረጠርኩት አየር ማስገባትን ነው። እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ክዳን ይዘጋል፤ ሞተሩ የሚጠባው በጣም ትንሽ አየርና በጣም ትንሽ ቤንዚን ነው። በዚያ ሰዓት የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ካለ፣ ትርፍ አየር ገብቶ ድብልቁን ያሳሳዋል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ፍሬን ስረግጥም የፍሬን ማገዣው ከዚያው ከሞተሩ ነው የሚስበው። እንግዲህ መላምቱ ከቁልቁለቱ ጋር ይሄዳል።

የሞተሩን ስበት፣ ቫኪዩሙን፣ የምለካበት ጌጅ የለኝም። ጎረቤቴ ግን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የሱ ሰማያዊዋ ጌጅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ ታነባለች። ቱቦዋን ከሞተሩ መግቢያ ጋር አገናኘን። መርፌዋ መጀመሪያ እንደ ዕብድ ተንቀጠቀጠች፤ ቧንቧዋን ጠበብ ሲያደርግላት 14 አካባቢ ላይ ቆመች።

14! ያነበብኩት ሁሉ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 22 ነው የሚለው። «በቃ አገኘሁት» ብዬ ካርቡራቶር ማጽጃ ይዤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ስረጭ አንድ ሰዓት አለፈ። አየር የሚያስገባበት ቦታ ቢኖር ማጽጃው ሲገባ ዙሩ መለወጥ ነበረበት። አንድም ቦታ አልተለወጠም።

መልሱን የሰጠኝ ራሱ ፍሪጅ ጠጋኙ ነው። «ወንድሜ፣ እኔም እኮ እዚህ ቫኪዩም ስሠራ 30 ደርሶልኝ አያውቅም» አለኝ። ለካ ቁጥሩ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አምስት ኢንች ጨምርበት፣ 19 ይመጣል። የኔ ሞተር ጤነኛ ነው። መርፌዋም ከቆመች በኋላ አትዘልም ነበር፤ ቫልቭ ቢያፈስ ኖሮ በየዙሩ ትጥል ነበር።

የፍሬን ማገዣውንም ፈተሽኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ፍሬኑን አምስት ጊዜ ረገጥኩ፣ እስኪጠጥር፤ እንደረገጥኩ ሞተሩን አስነሣሁ። ፔዳሉ ከእግሬ በታች ዝቅ አለ። ይሠራል። ያ መላምት በዚሁ ሞተ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሥራ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ጠርጎ እያጨሰ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ የቀጠለ ነው ይባላል ይህ ኅዳር ማጠን። ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ጭስ በላሁ።

ከሰዓት ቡና ላይ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጋሼ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ታሪኩን በሙሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«አንተ ልጅ፣ በፎሌ ስትወርድስ ይጠፋል?»

አላውቅም። በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ አልወርድም። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ካልያዘልህ ፍሬኑ ብቻውን ይነዳል፣ ይግላል፣ ከዚያ አይዝም።

«እሱንስ ልክ ነው። ግን ለሙከራ ያህል፣ ሜዳ ፈልገህ። ሌላው፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ነው የሚጠፋው ወይስ ከዚያ በፊት ጠፍቶ ኖሯል?»

«ስረግጥ ነዋ ጋሼ፤ እየሰማሁት!»

«የሰማኸው መቆሙን ነው» አሉ። «መጥፋቱን አይደለም።»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሄዱ። እኔ ግን እስካሁን እዚያው ነኝ። እውነት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ቤንዚን ባይደርሰውም ፒስቶኖቹ ይመላለሳሉ፣ ቺንጊያው ይዞራል፣ የዘይት ግፊቱ እንዳለ ነው፣ የባትሪ መብራቱም አይበራም። የሞተ ሞተር እየተገፋ እንደሚሄድ የሚያስታውቀው ነገር የለም። ፍሪሲዮን ስረግጥ ገፊው ይለቅቀዋል፤ ያኔ ነው መሞቱ የሚታወቀው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዴራ ድረስ ሄደን፣ ከዚያ ወደ ኢተያ የሚወጣውን መንገድ ስድስት ጊዜ ወጣን ወረድን። ውጤቱን እንዳለ እጽፋለሁ።

በፎሌ፣ ትራፊክ በሌለበት ለስለስ ያለ ቁልቁለት፣ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ፦ አልጠፋም። ሚኒሞው ዝቅ ብሎ እየተንደቀደቀ ወረደ።

በአራተኛ ማርሽ እግሬን አንሥቼ ለአጭር ርቀት፣ ሁለት ጊዜ፦ አልጠፋም። ፍሪሲዮን ስረግጥ ተንገዳግዶ ተረፈ።

በሦስተኛ ማርሽ እግሬን አንሥቼ ረጅሙን ቁልቁለት፣ ሁለት ጊዜ፦ ሁለቱንም ጊዜ ጠፋ።

አንድ ሌላ ነገር አስተዋልን። በመጨረሻው ላይ፣ ፍሪሲዮኑን ከመርገጥ ይልቅ ማርሹ ውስጥ እንዳለ ቤንዚኑን ቀስ ብዬ ነካሁት። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ሞተሩ ነፍስ ዘርቶ መሳብ ጀመረ። ከመንገዱ ዳር በግ የሚጠብቅ ልጅ ተኩስ መስሎት ተጋደመ። ይቅርታ ጠይቀነው ሄድን። ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ እሳት ሲያገኝ ነው የተተኮሰው። ጋሼ ልክ ናቸው፤ ፍሪሲዮን ከመረገጡ በፊት ማቃጠሉን አቁሟል።

የሚነዳ ሰው ልብ እንዲል አንድ ነገር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሪሲዮን ከተረገጠ የፍሬን ማገዣው የቀረውን ቫኪዩም ይዞ ሁለት ሦስት እርግጫ ያህል ነው የሚረዳው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ይዞ መርገጥ እንጂ መልሶ መላልሶ መርገጥ አይደለም። ወንድሜን ይህን አስጠንቅቄ ነው ያወረድኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

እግር ሲነሣ ሞተሩን የሚመግበው የካርቡራቶሩ የሚኒሞ መንገድ ብቻ ነው፤ ትልቁ መንገድ የሚከፈተው ሲረገጥ ነው። የሚኒሞው መንገድ ላይ ደግሞ አንዲት የኤሌክትሪክ ቫልቭ ተሰክታለች፣ ሶሌኖይድ። ቁልፉ ሲበራ 12 ቮልት ይደርሳታል፣ መርፌዋን ስባ ቤንዚኑን ትከፍታለች። ቁልፉ ሲዘጋ ትዘጋለች፤ ሥራዋ የጋለ ሞተር ከጠፋ በኋላ እየተንተከተከ እንዳይቀጥል ነው። አንዳንዶቹ 22አሮች ላይ ቁልቁለት ሲሆን ቤንዚን እንድትቆርጥ ሆን ተብሎ በመቆጣጠሪያ ሳጥን ታዝዛለች፤ እዚያ ግን ሳጥኑ ዙሩ ወደ ሚኒሞ ሳይወርድ አስቀድሞ መልሶ ይከፍታታል። የኔ ላይ ሳጥን የለም። ከቁልፉ የመጣ አንድ ሽቦ ብቻ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ፣ ሶኬቷን ነቅዬ ስመልስ ጠቅ ትላለች። ጠቅ አለች። በመልቲሜትር ለካሁ፦ 12.3 ቮልት። ሞተሩን አስነሥቼ የድብልቁን ቡሎን በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ሳጠብቅ ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ፣ ስመልሰው ተስተካከለ። ማለትም ቆሞ ሳለ የሚኒሞው መንገድ ይሠራል።

እንዲያም ሆኖ ፈታኋት፤ ቀዳዳዎቹን በማጽጃና በኮምፕረሰር ነፋሁ። ጥቂት አቧራ ወጣ። ጋራዡ ከፍ ያደረገውን ሚኒሞም ወደ ቦታው መለስኩት፤ በሽታውን የሸፈነው እሱ ነበር። ከዚያ በልበ ሙሉነት ወደ መልካሳ ነዳሁ።

ጠፋ። እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ ጠፋ፣ ሚኒሞው ስለወረደ።

ተናድጄ ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሦስት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። ትላንት የበር ማጠፊያ ስበይድ ሃሳቡ መጣልኝ። የብየዳ ማሽኑ ኔጋቲቭ ገመድ ከቆንጣጩ ጋር ሲላላ መልቲሜትር ብታስቀምጥበት ቮልቱ ሙሉ ነው። ኤሌክትሮዱን ስትነካ ግን አይነድም። ቮልት አለ፣ ኃይል የለም። መልቲሜትር የሚጠጣው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ገመዱ ውስጥ አንዲት ክር ብትቀርም ሙሉውን ያሳይሃል። ለካ ኅዳር 15 ያየሁት 12.3 ምንም አላረጋገጠልኝም።

የሚጠጣ ነገር ያስፈልጋል። ከአሮጌ ዕቃዬ መሃል የሰሌዳ መብራት አምፖል፣ 5 ዋት፣ አገኘሁ። ሦስት ሜትር ገመድ ቀጥዬለት፣ አንዱን ጫፍ ከሶሌኖይዷ ሽቦ፣ ሌላውን ከኔጋቲቭ አገናኝቼ፣ አምፖሉን በመስኮት አሳልፌ ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ሶሌኖይዷ ኃይል እስካገኘች ይበራል። ስታጣ ይጠፋል።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ አምፖሉ ግን እንደ ጥዋፍ ቀጥ ብሎ በርቷል። በቃ ሶሌኖይዷ ራሷ ናት አልኩ። ቤት እስክገባ ድረስ አዲስ ከየት እንደማገኝ ሳሰላ ነበር።

ተኝቼ ነው የባነንኩት። ገመዴን የቀጠልኩት የት ጋ ነው? ለመላጥ የሚመቸኝ ቦታ ላይ፣ ከጎን ካለው የሽቦ እቅፍ ሲወጣ። ከሶሌኖይዷ ይርቃል፣ ሁለት ስንዝር ያህል። ያ ሁለት ስንዝር አልተፈተነም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ናት ዛሬ። ከቅዳሴ በኋላ የአምፖሉን ገመድ ሶሌኖይዷ አፍንጫ ሥር አዛወርኩት። ወንድሜ እንዲነዳ፣ እኔ አምፖሉን ብቻ እንዳይ ተስማማን።

ዳገቱን ስንወጣ በርቷል። ሜዳው ላይ በርቷል። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ሲያነሣ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ድርግም። «ንካው!» አልኩት። ቤንዚኑን ሲረግጥ መልሶ በራ። «ልቀቀው!» ጠፋ። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ እግሩ ላይ የተንጠለጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ይመስል ነበር። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ዕንባዬ ሊመጣ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ሽቦው ሁለት ስንዝሩ ውስጥ ተበጥሷል። ግን ለምን እግር ሲነሣ ብቻ? ሽቦ እግሬን አያይም።

ቤት ገብተን የማውቀውን መካኒክ ጠራሁት። ነገሩን ሰማና፣ «ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ የእግሩንም ርገጥ፤ ፍሪሲዮኑን እስኪነክስ ብቻ ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ኮፈኑ ክፍት ይሁን» አለ። እሱ ከጎን ቆመ፤ ከፊትና ከኋላ እንዳይቆም ማንንም አላስጠጋም። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል ብድግ አለ፤ ሦስት ጣት ያህል። አምፖሉም ጠፋ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተር ጎማ ሲገፋ ራሱ ወደ ተቃራኒው ይጋደላል፤ ከፊት ለቆመ ሰው ዘንጉ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወደ ሌላው ወገን ሊገለበጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲሳብ በሹፌሩ በኩል ይነሣል፣ በሌላው ወገን ይጫናል። ቁልቁል ሲሆን ጎማው ነው ገፊው፤ ግልበጣው ይዞራል፣ በካርቡራቶሩ በኩል ያለው ጎን ይነሣል። ወደ ኋላ ማርሽም እንዲሁ። ደህና ሱፖርቶ፣ ማለትም የሞተር መቀመጫው ጎማ፣ ይህን ይይዘዋል። የኔ ግን ጎማው ከብረቱ ተላቅቆ ዝም ብሎ ተቀምጦበት ነበር የኖረው። ሲጫኑት አይታወቅም፣ ሲነሣ ግን የሚይዘው የለም። ሽቦውም ከዓመታት በፊት አንድ ሰው አሳጥሮ በፕላስተር ከጎን አስሮታል። ሞተሩ ብድግ ሲል ይወጠራል፤ ውስጡ የቀሩት ክሮች ይለያያሉ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሽቦውም ይገናኛል። ግን የሚኒሞው መንገድ ባዶ ሆኗል፤ ቤንዚኑ እስኪደርስ ዙሩ ወርዶ አልቋል። ቁልፍ ስታዞር ወዲያው የሚነሣውም ለዚህ ነው። በፎሌ ማንም ማንንም ስለማይገፋ ሞተሩ አይጋደልም፣ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሌላ ዕዳዬን ልጻፍ። ወንድሜ መኪናውን ከግቢ ወደ ኋላ ሲያወጣ ሁልጊዜ ያጠፋዋል። አንድ ዓመት ሙሉ «ፍሪሲዮን አያያዝህ እንደ ጀማሪ ነው» ስለው ኖሬያለሁ። እናታችን ፊት ጭምር። ዛሬ መካኒኩ ወደ ኋላ ማርሽ ሲል ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም ያኔ ምንም አላልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሽቦውን ቆርጬ አወጣሁት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሽፋኑን ስልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ዱቄት ተበተነ፤ በቁጥር ሁለት ክር ነው የቀረው። አዲስ ሽቦ አስገባሁ፣ ብየዳው በካውያ፣ ከላዩ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ። ከሁሉ በላይ ርዝመቱን አላስጨነቅሁትም፤ ቀለበት የሚያህል ትርፍ ትቼ ሞተሩ ላይ ራሱ አሰርኩት፣ አብሮት እንዲንቀሳቀስ።

በዚህ ብቻ ቁልቁለቱን ሞከርነው። አልጠፋም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል አቁሜ ነበር። ግን ሦስት ጣት ብድግ የሚል ሞተር ነገ የራዲያተር ጎማ ይጎትታል፣ ማራገቢያውን ከሽፋኑ ጋር ያጋጫል፣ የቤንዚን ቱቦም እዚያው ነው ያለው።

ሱፖርቶው አዳማ አልተገኘም። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ላለ ዘመድ ፎቶ ላኩ። እስኪመጣ ድረስ ብረቱን ከብረት በይጄ ልገላገል አሰብኩ፤ በያጅ ነኝ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም። መካኒኩ በስልክ ጮኸብኝ፦ «ጎማ የሆነው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም! ንዝረቱ በሙሉ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፣ በሳምንቱ መያዣው ይሰነጠቃል።» በምትኩ ወፈር ያለ ሰንሰለት፣ ትንሽ ላላ አድርጌ፣ ከሞተሩ መያዣ ወደ ሻንሲው በቡሎን አሰርኩ። ሲነሣ ይይዘዋል፣ ሳይነሣ አይነካውም። ለሳምንት ይበቃል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ሱፖርቶው ሐሙስ በአውቶቡስ መጣ። ያገለገለ ነው ግን ጎማው ጤነኛ ነው፤ በጥፍሬም በዓይኔም መረመርኩት። ዛሬ ሞተሩን በክሪክና በእንጨት ከሥር ደግፈን፣ ሁለቱን ዳዶ ፈትተን፣ በሁለት ሰዓት ቀየርነው። አንዱ ቡሎን ዝጎ ስለነበር ዘይት ስናጠጣው ነው ብዙው ጊዜ የሄደው። የሹፌሩን ወገንም አየነው፣ ደህና ነው።

መካኒኩ የዙር መቁጠሪያውን ይዞ መጥቶ ሚኒሞውን 700 አካባቢ ላይ አስቀመጥነው። ድብልቁን እንደገና አስተካከልን። ወደ ኋላ ማርሽ ያችን ፈተና ደገምናት፤ ሞተሩ ጣት አይሞላም የተነሣው።

ከዚያ ኢተያ ድረስ ወጣን። ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ፣ እግር ተነሥቶ፣ ከላይ እስከ ዴራ። አምፖሉ በርቶ ወረደ። ፍጥነት መቀነሻው ጋ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ሚኒሞው ላይ ቆመ፣ ተንደቀደቀ። ያ በግ ጠባቂ ልጅ መንገድ ዳር ነበር፤ መኪናውን አይቶ አስቀድሞ ጆሮውን ያዘ።

ስንመለስ ለወንድሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እናታችን ባሉበት። «ምን አልክ ወንድም ጋሼ? አልሰማሁም» አለ። ደገምኩለት። ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎኝ መኪናውን ከግቢው ወደ ኋላ አወጣ፤ በዝግታ፣ ቤንዚን ሳይነካ፣ በፍሪሲዮን ብቻ። አልጠፋም። በሩ ላይ አቁሞ በመስኮት አየኝ፣ ማርሽ አስገባና ወደ ፖስታ ቤት አቅጣጫ ሄደ። ይህን ስጽፍ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ አልተመለሰም።